ለአሮጌ የቢሮ ኮምፒውተር የትኛው ግራፊክስ ካርድ ያዋጣል?

ጥያቄ፦ «ጀሞ ነው የምኖረው። ከቢሮ ሽያጭ የገዛሁት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 አለኝ፤ ትልቁ ቋሚ ኬዝ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-4590፣ ራሙ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት፣ ፓወር ሰፕላዩ 290 ዋት፣ ሞኒተሩ ሙሉ ኤችዲ (1080ፒ) ባለ 60 ኸርዝ። ኤፍሲ 25፣ ጂቲኤ 5 እና ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 መጫወት እፈልጋለሁ። መገናኛ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ያገለገለ አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋባይት አሳዩኝ፤ ለካርዱ የሚሆን የኃይል ገመድ እንደሌለኝ ስነግራቸው በማገናኛ ይፈታል አሉኝ። እዚያው አዲስ የተባለ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በጣም በርካሽ አለ፤ ቪጂኤ መውጫ ስላለው ለሞኒተሬም ይመቻል። በሌላ በኩል በሚቀጥለው ወር አክስቴ ከሜሪላንድ ይመጣሉ፤ እስከ 200 ዶላር፣ ግድ ከሆነም እስከ 250 ዶላር የሚሆን ካርድ ሊያመጡልኝ ይችላሉ። ኢንተርኔት ላይ ሁሉም የሚያመሰግነው ኢንቴል አርክ ቢ580ን ነው። የቱ ያዋጣኛል?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ከሦስቱ አንዱንም አትግዛ። ላንተ ማሽን የሚስማማው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይት ነው። ከበጀትህ የሚተርፈውን ራም ግዛበት። ምክንያቱን ዘርዘር አድርጌ እጽፍልሃለሁ፤ ነገ ሌላ ካርድ በሌላ ዋጋ ቢቀርብልህ ሰው ሳትጠይቅ ራስህ እንድትወስን።

ካርዶችን እያወዳደሩ «ይህ ያዋጣል» የሚሉት ሰዎች አይዋሹም። ግን ካርዱን የሚፈትኑት አዲስና ፈጣን ፕሮሰሰር ባለው፣ 850 ዋት ወይም ከዚያ በላይ ፓወር ሰፕላይ በተገጠመለት ማሽን ላይ ነው። ያንተ ማሽን እ.ኤ.አ. በ2014 አካባቢ ለጸሐፊና ለሒሳብ ሠራተኛ የተሠራ ነው። ስለዚህ ለአንተ የካርዱ እውነተኛ ዋጋ በመለያው ላይ የተጻፈው ሳይሆን፣ ካርዱ እንዲሠራ የምትቀይራቸው ነገሮች ዋጋ ተደምሮበት የሚመጣው ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከኃይሉ እንጀምር፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአይ5-4590 ፕሮሰሰር ይፋ ፍጆታው 84 ዋት ነው። ማዘርቦርዱን፣ ሃርድ ዲስኩን፣ ራሙንና ማራገቢያዎቹን በጥቅሉ 50 ዋት እንበላቸው። አርኤክስ 580 ደግሞ 185 ዋት ይወስዳል። ስትደምረው 319 ይመጣል፤ ፓወር ሰፕላይህ 290 ነው። ይህም አሥር ዓመት ያገለገለ መሆኑን ሳንቆጥር ነው። ጨዋታው ሞቅ ሲል ኮምፒውተሩ ድንገት ድርግም ይላል፤ ያ እንኳ በጎው ዕድል ነው፤ ቢያንስ መከላከያው ሠርቷል ማለት ነው።

«በማገናኛ ይፈታል» ያሉህ ነገር የበለጠ አስግቶኛል። ያ ማገናኛ ለሃርድ ዲስክ የተዘጋጀውን የሳታ ኃይል ገመድ ወደ ካርዱ ባለ ስምንት ቀዳዳ መሰኪያ የሚቀይር ነው። አንድ የሳታ ኃይል መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ እንዲሸከም የተሠራው 4.5 አምፔር ነው፤ 54 ዋት መሆኑ ነው። የካርዱ ባለ ስምንት መሰኪያ እስከ 150 ዋት ሊጠይቅ ይችላል። ገመዱ ይገጥማል፣ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ጨዋታውም ይከፈታል። የሚቀልጠው በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የላስቲክ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ ነጩ መሰኪያ ቡናማ ይሆናል። ማንም ሻጭ ምንም ቢልህ ይህን ማገናኛ ቤትህ አታስገባ።

ፓወር ሰፕላዩን መቀየር ይቻላል ትለኝ ይሆናል። ይቻላል፤ ግን ያንተ ማሽን ማዘርቦርድ ኃይል የሚቀበለው በተለመደው ባለ 24 ቀዳዳ መሰኪያ ሳይሆን ዴል በራሱ መንገድ ባዘጋጀው ባለ 8 ነው። ስለዚህ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ብቻ ሳይሆን ከ24 ወደ 8 የሚቀይር ገመድም ያስፈልግሃል። ይህኛው ማገናኛ ከላይ እንዳልኩት አደገኛ አይደለም፤ በብዙ ሰው ተሞክሮ የሚሠራ ነው። ግን ወጪ ነው፤ ወጪውም ካርዱ ላይ ይደመራል።

አሁን አርኤክስ 580ን ራሱን እንየው። በ2017 የወጣ ካርድ ነው፤ በዘመኑ ጎበዝ ነበር፤ ዛሬም ሬድ ዴድን በደንብ ያጫውታል። ችግሩ የኋላ ታሪኩ ነው። ይህ ካርድ የኤተር ዲጂታል ገንዘብ «ማዕድን» ቆፋሪዎች ከወደዷቸው ካርዶች ዋነኛው ነበር። የኤተሪየም መረብ መስከረም 15 ቀን 2022 አሠራሩን ሲቀይር በግራፊክስ ካርድ መቆፈር አከተመ፤ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የኖሩ ካርዶችም ተጠራርገው ወደ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ገቡ። ከቆፋሪ የመጣ ሁሉ የተበላሸ ነው አልልም። ማራገቢያው ያለቀ፣ ሜሞሪው የደከመ፣ ውስጣዊ ሶፍትዌሩ የተነካካ ግን በብዛት ይገኛል።

ሌላው ወጥመድ ስሙ ነው። በ2018 ለቻይና ገበያ «አርኤክስ 580 2048ኤስፒ» የሚባል ወጥቷል። እውነተኛው 580 ውስጥ 2304 የስሌት ክፍሎች አሉ፤ በዚህኛው ውስጥ 2048፤ ያ የታናሽ ወንድሙ የ570 ቁጥር ነው። በካርቶኑ ላይ ግን 580 የሚለው ጎልቶ ነው የሚታየው። በዚህ ላይ የ580 ሠሪ የሆነው ኤኤምዲ ከ2023 መገባደጃ ጀምሮ ለዚህ ትውልድ የሚያወጣውን ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስና ከጨዋታዎች ጋር የሚያግባባውን ሶፍትዌር) ቀንሶ ወሳኝ ማስተካከያዎች ላይ ብቻ ወስኖታል። አዲስ ጨዋታ ቢያስቸግርህ ቶሎ የሚደርስልህ የለም።

ስለ 1050 ቲአይ ከጻፍከው ውስጥ አንድ ቃል ሁሉን ነገር ነግሮኛል፦ ቪጂኤ። ኤንቪዲያ ከ1050 ቲአይ ትውልድ ጀምሮ የቪጂኤን ዓይነት አናሎግ ምልክት ከቺፑ ላይ አውጥቶታል። ስለዚህ እውነተኛ 1050 ቲአይ ላይ ኤችዲኤምአይ፣ ዲስፕሌይፖርትና ዲጂታል ዲቪአይ ታገኛለህ እንጂ ሰማያዊዋን የቪጂኤ መሰኪያ አታገኝም። ያሳዩህ ካርድ ላይ እሷ ካለች፣ ውስጡ ያለው ምናልባት በ2010 የወጣው ጂቲኤስ 450 ወይም በ2011 የወጣው ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ነው፤ ሶፍትዌሩን ለውጠው ስሙን ቀይረውታል። ዊንዶውስ የተነገረውን ስም አምኖ ያሳይሃል፤ ኤፍሲ 25 ግን አይከፈትም፤ እሱ የሚፈልገው ዳይሬክትኤክስ 12 የሚባለውን የዊንዶውስ የጨዋታ ሥርዓት ነው፤ ለእነዚያ ቺፖች አዲስ ድራይቨር መውጣት ያቆመው ደግሞ በ2018 ነው።

ለማረጋገጥ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘህ ሂድና ሻጩ ፊት ክፈተው። አስመስሎ የተሠራ የኤንቪዲያ ካርድ ሲያገኝ ከስሙ አጠገብ «ሐሰተኛ» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። እውነተኛ 1050 ቲአይ ከሆነ የስሌት ክፍሎቹ 768 መሆን አለባቸው። የ580ውን 2304 የምታጣራውም በዚሁ መስኮት ነው። ፕሮግራሙን ለመክፈት ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ መልሱን ሰጥቶሃል፤ ተሰናብተህ ውጣ።

ደግሞም እውነተኛው 1050 ቲአይ ቢገኝ እንኳ ዛሬ አልመክርህም። በ2016 የወጣ ነው፤ ኤንቪዲያ ለዚህ ትውልድ የጨዋታ ድራይቨር ማውጣቱን ጥቅምት 2025 ላይ አቁሟል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው የደህንነት ማስተካከያ ብቻ ነው። ለኤፍሲ 25 የተቀመጠው ዝቅተኛ መስፈርትም ይኸው ካርድ ነው፤ ከመነሻው ወለሉ ላይ ቆመህ ትጀምራለህ ማለት ነው።

ወደ ቢ580 ልምጣ። ሰዎች የሚያመሰግኑት በከንቱ አይደለም። በታኅሣሥ 2024 በ249 ዶላር ሲወጣ 12 ጊጋባይት ሜሞሪ ይዞ ነበር፤ በዚያ ዋጋ ሌሎቹ 8 ነበር የሚሰጡት። እኔም ለዘመናዊ ማሽን በደስታ እመርጠዋለሁ። ግን የኢንቴል አርክ ካርዶች ሪሳይዘብል ባር የሚባል የማዘርቦርድ ችሎታ ካላገኙ አቅማቸው ክፉኛ ይወርዳል። ይህ ፕሮሰሰሩ የካርዱን ሜሞሪ በሙሉ በአንድ ጊዜ እንዲያይ የሚያደርግ ነገር ነው፤ አለዚያ በ256 ሜጋባይት ጠባብ መስኮት እየቆነጠረ ነው የሚያየው። ኢንቴል ራሱ አሥረኛው ትውልድ ፕሮሰሰርና ከዚያ በላይ ይላል፤ ያንተ አራተኛ ትውልድ ነው፤ ኦፕቲፕሌክስ 9020 ይህ ችሎታ የለውም። የካርዱ ፍጆታ ደግሞ 190 ዋት ነው። አክስትህ ውቅያኖስ አሻግረው የሚያመጡት 250 ዶላር ግማሹ እዚያው ኬዝ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱን ለምን መረጥኩ? በየካቲት 2024 በ170 ዶላር ገደማ የወጣ ነው፤ ፍጆታው 70 ዋት ብቻ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ካለው መግጠሚያ ራሱ እስከ 75 ዋት ስለሚወስድ አብዛኞቹ ሞዴሎች ሌላ የኃይል ገመድ አይጠይቁም። ድምሩን እንደገና ሥራው፦ 84፣ 50 እና 70፤ 204 ዋት። አምራቹ ባለ 300 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል፤ ያ ግን ማንኛውንም ዓይነት ፕሮሰሰር ታሳቢ ያደረገ ነው፤ ያንተን ስናሰላው በ290ው ውስጥ በቂ ትርፍ አለ።

በአቅም ደረጃ ከአርኤክስ 580 ጋር ተቀራራቢ ነው፤ ይህን ልደብቅህ አልፈልግም። ቁጥር ብቻ ብታይ ያገለገለው 580 በርካሽ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ልዩነቱ አዲስ ነው፣ ከግማሽ በታች ኃይል ይበላል፣ ድራይቨር ይወጣለታል፣ ዲኤልኤስኤስም አለው። ዲኤልኤስኤስ ጨዋታውን በአነስተኛ ጥራት ስሎ ወደ ስክሪንህ መጠን አጥርቶ የሚያሳድግ የኤንቪዲያ ዘዴ ነው፤ ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ከ2021 ጀምሮ ይደግፈዋል። ያ ጨዋታ በ2019 ለኮምፒውተር ሲወጣ የተመከረለት ካርድ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋባይት ነበር፤ 3050ው ከዚያ አያንስም። መካከለኛና ከፍተኛ ጥራትን ቀላቅለህ በሰከንድ ከ50 እስከ 60 ፍሬም (ስክሪኑ ላይ የሚቀያየር ምስል) ጠብቅ። ጂቲኤ 5 እና ኤፍሲ ካርዱን አያስጨንቁትም።

የማይችለውንም ልንገርህ። የጨረር ፍለጋ፣ ሬይ ትሬሲንግ የሚሉት፣ ካርቶኑ ላይ ተጽፎልሃል፤ በዚህ ካርድ ላይ ለጌጥ ነው፣ አጥፋው። በ2025 እንደወጣው ዱም ዘ ዳርክ ኤጅስ ያሉ ጨዋታዎች ሬይ ትሬሲንግ የሚችልና ቢያንስ 8 ጊጋባይት ያለው ካርድ በግድ ይጠይቃሉ። እንዲህ ያሉትን እያሰብክ ከሆነ ችግርህ በካርድ አይፈታም፤ ማሽኑን መለወጥ አለብህ።

ከገዛህ በኋላ ማሽኑን በአንድ ዓመት ውስጥ ልትለውጥ ካሰብክ ብቻ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ያን ጊዜ አርኤክስ 6600 ይሻልሃል። 8 ጊጋባይት አለው፣ 132 ዋት ይወስዳል፣ አቅሙ ከ3050ው በብዙ ይበልጣል፤ በ2021 በ329 ዶላር ወጥቶ ቆየት ሲል ወደ 200 ገደማ የወረደ ካርድ ነው። ለ1080ፒ ስክሪን ባለፉት ዓመታት ከዚህ የበለጠ ለዋጋው ያዋጣ ካርድ ማግኘት ይከብደኛል። ግን የኃይል መሰኪያ ይፈልጋል፤ ኤኤምዲ 450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። 200 ለካርዱ፣ ለፓወር ሰፕላይና ለመቀየሪያ ገመድ ደግሞ ሌላ 60 ወይም 70 ብትል በጀትህን አልፈሃል። በዚያ ላይ ያንተ ፕሮሰሰር የካርዱን አቅም አያስወጣውም፤ ሞኒተርህም በሰከንድ ከ60 ፍሬም በላይ አያሳይም።

አርኤክስ 6400ን የሚጠቁምህ ሰው አይጠፋም፤ እሱም 53 ዋት ብቻ የሚወስድና ገመድ የማይጠይቅ ነው። እለፈው። ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ ነው፤ በአዲስ ማዘርቦርድ ላይ መስመሮቹ ፈጣን ስለሆኑ ብዙም አይታወቅም፤ ባንተው ላይ የመስመሩ ፍጥነት በግማሽ ስለሚወርድ 4 ጊጋባይቷ ሜሞሪ ሲሞላ ጨዋታው መንተፋተፍ ይጀምራል። ጨዋታህን መቅዳት ብትፈልግም ቪዲዮ የሚቀዳ ክፍል የለውም።

አሁን ስለ ፕሮሰሰርህ። አይ5-4590 አራት ኮር አለው፤ እያንዳንዱ ኮር በአንድ ጊዜ አንድ ሥራ ብቻ ይይዛል። ኤፍሲ 25 በዝቅተኛ መስፈርቱ የጠየቀው አይ5-6600ኬ ካንተው በሁለት ትውልድ የተሻሻለ አዲስ ነው። ይከፈትልሃል ብዬ አስባለሁ፤ በሞላ ስታዲየም መግቢያ ትዕይንት ላይ ግን ቆረጥ ቆረጥ ቢል አትደነቅ። ካርዱን ከገጠምክ በኋላ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የምትለይበት ቀላል መንገድ አለ። በጨዋታው ውስጥ አንድ ቦታ ቁም፤ የፍሬሙን ቁጥር አንብብ። ከዚያ የስክሪኑን ጥራት ከ1080ፒ ወደ 720ፒ አውርድና እዚያው ቦታ ቆመህ ደግመህ አንብብ። ቁጥሩ ከጨመረ የሚጎትትህ ካርዱ ነበር። ካልተንቀሳቀሰ ፕሮሰሰሩ ነው፤ የፈለግከውን ያህል ውድ ካርድ ብትገዛም ያ ቁጥር አይነቃነቅም።

ፕሮሰሰሩ ሆኖ ከተገኘ መፍትሔው ርካሽ ነው። ያገለገለ አይ7-4790 በዚያው መግጠሚያ ላይ ይገባል፤ ፍጆታውም ያው 84 ዋት ነው፤ ግን ስምንት ሥራ በአንድ ጊዜ ይይዛል። ከዚያ በፊት ግን ራሙ። አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ብቻ መሆኑ ሁለት ጊዜ ይጎዳሃል፦ ሬድ ዴድ 12 ጊጋባይት ነው የሚመክረው፣ ደግሞም አንድ ነጠላ ራም ፕሮሰሰሩን በግማሽ ፍጥነት ነው የሚመግበው። ተመሳሳይ ባለ 8 ዲዲአር3 አንድ ጨምርበት፤ ጥንድ ሲሆኑ በሁለት መስመር ይሠራሉ። ከዚህ የረከሰና ውጤቱ ወዲያው የሚታይ ማሻሻያ ባንተ ማሽን ላይ የለም። ጨዋታው የተቀመጠው በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ደግሞ ኤስኤስዲ ቀጥሎ ይምጣ።

ለአክስትህ የምትልከውን መልእክት በጥንቃቄ ጻፍ፤ ስሞቹ ሆን ተብሎ ለማምታታት የተሰየሙ ይመስላሉና። 3050 ባለ 8 ጊጋባይትም አለ፤ እሱ 130 ዋት የሚወስድና የኃይል መሰኪያ የሚጠይቅ ሌላ ካርድ ነው። ሻጩ «ትልቁን ልስጥዎ» ቢላቸው በቅንነት እሱን ሊይዙልህ ይችላሉ። እንዲህ በል፦ «አርቲኤክስ 3050፣ 6 ጊጋባይት፣ ምንም የኃይል መሰኪያ የሌለው፣ ርዝመቱ ከ20 ሴንቲሜትር የማይበልጥ»፤ የአንድ ሞዴል ሥዕልም አያይዝላቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ሮክቪል ላይ ማይክሮ ሴንተር የሚባል ትልቅ የኮምፒውተር ዕቃ መደብር አለ፤ በአካል ሄደው ቢገዙ ካርቶኑን አይተው ማረጋገጥ ይችላሉ። ደረሰኙን ይያዙ፤ ለጉምሩክም ለዋስትናም ያስፈልጋል። ካርዱ ከነጸረ-ስታቲክ ከረጢቱ በእጅ ሻንጣ ይምጣ። የአምራቹ ዋስትና በአብዛኛው እዚያው አገር ስለሆነ፣ ቢቻል የሚያውቅ የዘመድ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ አንድ ምሽት ቢጫወትበት ከሁሉ ይበልጣል። የሚደሰት እንጂ እንቢ የሚል አይመስለኝም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እዚህ ያለው ዋጋ ከሱቅ ሱቅ ብዙ ይለያያል፤ ስለዚህ ይኸው ካርድ አዲስ አበባ ውስጥ ከተገኘ ከመውጫ ዋጋው ተነስተህ በዕለቱ ምንዛሪ አስላ። ልዩነቱ መጠነኛ ከሆነ እዚሁ ግዛ፤ ቢበላሽ ይዘህ የምትመለስበት በር አለህ።

ስለ ሙቀትም አንድ ነገር ልበል። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለል አየር በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ማራገቢያ ደግሞ የሚያቀዘቅዘው በሚገፋው አየር መጠን ነው። ብርዳችን ስለሚያካክሰው 70 ዋት ካርድ ላይ አያሳስብም፤ አቧራው ግን ያሳስባል። ካርዱን ከመግጠምህ በፊት ኬዙን ከፍተህ የፕሮሰሰሩን ማራገቢያ በለስላሳ ብሩሽ አጽዳ፤ የቢሮ ማሽን ውስጥ የአሥር ዓመት ብናኝ ተጋግሮ ታገኛለህ። መብራት ሲመላለስ ሃርድ ዲስኩም ፓወር ሰፕላዩም ስለሚጎዱ ትንሽ ዩፒኤስ ካለህ ተጠቀም።

ለገጠማው ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። በቅድሚያ የዴልን የመጨረሻ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራውን የማዘርቦርድ ሶፍትዌር) ጫን፤ አሮጌ ባዮስ ከአዲስ ካርድ ጋር ሲጣላ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ቀጥለህ ኮምፒውተሩን አጥፍተህ ገመዱን ንቀልና ካርዱን በረዥሙ መግጠሚያ ላይ ጠቅ እስኪል ግፋው። ሞኒተርህ ዲስፕሌይፖርት ወይም ኤችዲኤምአይ ካለው በዚያ ተጠቀም፤ ቪጂኤ ብቻ ከሆነ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር መለወጫ ግዛ፤ ተራ ገመድ አይሠራም። የሞኒተሩን ገመድ ደግሞ ከኬዙ ጀርባ ታች በአግድም በተኛው የካርዱ መውጫ ላይ ሰካው፤ ከላይ ባለው የማዘርቦርዱ መውጫ ላይ ከተውከው አዲሱ ካርድ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፣ ጨዋታውም እንደ ድሮው ይንቀራፈፋል።